እንደ ሁሌው

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

የጠዋት ቆጠራ፦ ስክሪን አራት፣ ሁሉም ይሠራሉ። ጆይስቲክ ስምንት፤ ደህና አምስት፣ ሳይነኩት ወደ ግራ የሚሄድ ሁለት፣ የሞተ አንድ። ወንበር ሰባት። መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ጥቁር ጆይስቲክ አንድ፤ እሱ ከቁጥር አይገባም።

ትናንት ሳቢት መጣ። ሳቢት በየአሥራ አምስት ቀኑ አይሱዙውን አትክልት ጭኖ ቆላ ወዳለ የመንገድ ሥራ ካምፕ የሚወርድ ሾፌር ነው። እንደ ልማዱ አንድ ጨዋታ ተሸነፈና ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ፣

«ሟቹን አገኘሁት እኮ» አለኝ።

«የቱን ሟች?»

«የናንተን ነዋ! ሶሬሳን። ካምፑ ውስጥ ስቶር ኪፐር ሆኗል። ሽንኩርቴን አንድ በአንድ ሲቆጥርብኝ፣ ይሄን ሰው የት ነው የማውቀው እላለሁ። ጺሙን እስከዚህ አውርዶታል።»

ይህን ጌም ቤት ከዊንጌት ታክሲ መያዣ ጀርባ የከፈትነው ከሶሬሳ ጋር ነው፤ እኔ ቤቱንና ዕቃውን ይዤ፣ እሱ እጁን ይዞ። ሰው የሚመጣው ግማሹ ለመጫወት፣ ግማሹ እሱን ለማየት ነበር። ከሄደ ዓመት ከአምስት ወር ሆነው። ስልኩን ቀይሯል። አዲሱ ቁጥር ቁስቋም ሰፈር፣ እናቱ እማማ ቦሰና ጋ አለ፤ «ለፈድሉ እንዳትሰጪ» ስላላቸው ለእኔ አልሰጡም።

ሟቹ የተባለው በ«ደወል» ምክንያት ነው። ደወል እኛ ያወጣንለት ስም ነው፤ ከጃፓን አኒሜ፣ ማለት ከካርቱን ፊልማቸው፣ የተሠራ የድብድብ ጌም ነው። አንድ ጨዋታ ሦስት ዙር አለው፣ ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል። የመጀመሪያውን ዙር የተሸነፈ ተዋጊ ግን ልክ እንደ አኒሜው ደወል ይደወልለትና «ሁለተኛ ትንፋሽ» ያገኛል። ዓይኑ ይቀላል፣ ሙዚቃው ይለወጣል፣ ምቱ ይከብዳል። ሶሬሳ የሚይዘው ማንም የማይመርጠውን ሽማግሌውን ነበር። የመጀመሪያውን ዙር እያወቀ ይሰጣል። ሰውየው በየት በኩል እንደሚዘል፣ ሲፈራ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ያጠናል። ከዚያ ደወሉ ሲደወል ቤቱ በአንድ ድምፅ «ሟቹ ተነሳ!» ይላል። ተነስቶ ያልጨረሰው ሰው አላስታውስም፤ አንድ ቀን ግን ሳይነሳ ቀረ።

ሳቢት ነገ ይጭናል። ደብዳቤ እሰጠዋለሁ። የምልከውን እዚህ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ። ቅጂ ያልቀረለት ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

*

ለሶሬሳ

እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ቆላው ተስማማህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከፊታችን የነበረው ፎቶ ኮፒ ቤት ጁስ ቤት ሆኗል፤ አሁን ደንበኞቻችን ጆይስቲኩን በማንጎ እጃቸው ነው የሚይዙት።

ሳልጽፍልህ የቆየሁት አድራሻህን ስለማላውቅ ነው። ይቅርታ።

የምጽፍልህ ለሥራ ነው። የደወል ሁለተኛው ክፍል ወጥቷል። የመጣው ሁሉ መቼ ነው የምታስገባው ይለኛል። እኔ ገበያውን አውቃለሁ፣ ጨዋታውን ግን አላውቅም። የመጀመሪያውን ስንገዛ ጥሩውን ከመጥፎው የለየኸው አንተ ነህ። «ከአኒሜ የተሠራ ጌም አብዛኛው በስሙ የሚኖር ነው፤ ሥዕሉን ተወውና እጅህ ላይ እንዴት እንደሚከብድ እይ» ብለኸኝ ነበር። እሱን ቃል እስከ ዛሬ ዕቃ ስገዛ እጠቀምበታለሁ፤ ለጌም ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ምን ልይ? ምኑ ቢጎድል ልተወው?

ሌላ ደግሞ፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ 18 ቦሌ በዚሁ በሁለተኛው ክፍል ውድድር አለ። አሸናፊው ናይሮቢ ይሄዳል። ጆይስቲክህን አልነካሁትም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ብትመጣ የምትለማመድበት ስክሪን አዘጋጅልሃለሁ። አስበው።

ፈድሉ

*

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ጆይስቲክ ደህና አራት። ሳቢት ተመለሰ። መልሱን እዚህ ለጥፌዋለሁ።

*

ጥቅምት 9

ፈድሉ፣

ደብዳቤህ ከጎመን ጋር ተጭኖ ረጥቦ ነው የደረሰኝ፤ ፀሐይ ላይ አስጥቼ አነበብኩት። ደህና ነኝ። የጺሙ ነገር የሳቢት ማጋነን ነው። ሽንኩርቱን መቁጠሬ ግን እውነት ነው፤ ባለፈው ወር ግማሽ ኩንታል ጎድሎበታል።

አድራሻህን ስለማላውቅ ነው ያልከው፣ የእናቴ ቤት ከሱቅህ በታክሲ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ሁለተኛውን ክፍል ሳትነካው አትግዛ። ሥዕሉ እንደሚያምር እዚህ ሆኜም እገምታለሁ፤ ከአኒሜ የሚሠሩ ሰዎች በሥዕል አይታሙም። የሚታሙት በሚዛን ነው። የታወቀውን ጀግና ያበረቱትና ሌላውን ለማሟያ ይተዉታል። ስለዚህ ጀግናውን ሳይሆን ሦስት ደካሞችን ይዘህ ተጫወት። ሽማግሌውን እይልኝ፤ አሁንም ዘንጉን ሲያነሳ ይዘገያል? ሁለተኛ ትንፋሽ ምን ሆነ? ታሪኩንስ ያጫውቱሃል ወይስ ያሳዩሃል? ካንተ የሚሻል ሰው ይዘህ ሂድ፣ ማለትም ማንንም።

ስለ ታኅሣሡ ውድድር አሁን መልስ የለኝም። መጀመሪያ አንተ አንድ ነገር ትመልስልኛለህ። ጥያቄውን ሳቢት እንዳያነበው አልጽፈውም። አንተ ታውቀዋለህ፤ ከመሄዴ በፊት ሁለት ጊዜ ጠይቄሃለሁ።

ሶሬሳ

*

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ጆይስቲክ ደህና ስድስት፤ ሁለቱን አስጠግኛለሁ።

አፍናንን ይዤ መርካቶ ሄድሁ። አፍናን ከታክሲ መያዣው በላይ ባለው ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት። በምሳ ሰዓቷ ጋዋኗን ሳታወልቅ መጥታ የተቀመጠውን ሁሉ እያሸነፈች ታስነሳለች። ሶሬሳን አይታው አታውቅም፤ ስሙን ግን ትሰማለች።

ሻጩ ሁለተኛውን ክፍል ከፈተልን። እኔ ገና አፌን ከፍቼ ሥዕሉን ሳይ እሷ አራት ጊዜ አሸንፋኛለች።

«ፈድሉ፣ አንተ እኮ ጆይስቲኩን እንደ ሞባይል ቻርጀር ነው የያዝከው።»

«አላስቸኩልሽም፣ እያጠናሁ ነው።»

«ሟቹን መሆንህ ነው? እሱ እያጠና ይሸነፋል፣ አንተ እየተሸነፍክ ትሸነፋለህ።»

ሻጩ ሳቀ። ከዚያ ሽማግሌውን መረጠች። ሦስት ጨዋታ በሱ ተጫውታ ጆይስቲኩን አስቀመጠች።

«ይሄ ውበት ነው፣ ጨዋታ አይደለም» አለች። «የወደቀን ሰው ደግመው ይረግጡታል።»

ማታ ለሶሬሳ ጻፍሁ።

*

ለሶሬሳ

ሰላምታዬ ይድረስህ። እማማ ቦሰና ደህና ናቸው፤ የችግኝ ቦታቸውን አስፍተዋል፣ አሁን የጽጌረዳ ችግኝም ይሸጣሉ።

እንዳልከኝ ነክቼ አየሁት። የተሻለች ሰውም ይዤ ነበር።

ሥዕሉን አንተም ብታየው ዝም ትላለህ። ጨዋታውን መሐል ላይ ብታቆመው ከአኒሜው ተቆርጦ የወጣ ይመስላል፤ ልብሳቸው ሲውለበለብ የእርሳሱ መስመር ይታያል። ተዋጊው ከአሥራ አራት ሃያ ስድስት ሆኗል። ለጀማሪ ደግ ነው። አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ የተጫነ ሰው ያማረ ምት ይወጣለታል፤ አዲስ ደንበኛ አፍሮ አይወጣም፣ ለጌም ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያው ደግነት ጎበዙን ይጎዳዋል። አሥር ወር የተለማመደውና ትናንት የመጣው የሚመቱት ምት አንድ ዓይነት ነው።

ታሪኩ እንደፈራኸው ነው። ያሳዩሃል። ሩብ ሰዓት ያወራሉ፣ አንድ ደቂቃ ይመታታሉ፣ ተመልሰው ያወራሉ። ኢንተርኔት ከሌለ ግማሹ አይከፈትም። ከተዋጊዎቹ አንዷ ዓሣ አጥማጇ ረጅም ጦር ተሰጥቷት ማንንም አታስጠጋም፤ ሁለት ሰው እሷን ከመረጠ የሚያየው ሰው እንቅልፉ ይመጣል። ሽማግሌው አሁንም ይዘገያል።

ዋናው ነገር ሁለተኛ ትንፋሽ ነው። ለተሸነፈ መስጠት ቀርቷል። አሁን የሚሰጠው ብዙ ለመታ ነው፤ የበረታ ይበልጥ ይበረታል። ደወሉም የለም። እንደ ነጋዴ ሳየው ሒሳቡ በጨዋታ ስለሆነ፣ ቶሎ ያልቃልና አይከፋም። ይዣት የሄድሁት ልጅ ግን የወደቀን ሰው ደግመው ይረግጡታል አለች።

ለጥያቄህ፦ ያኔ የኛ ውድድር ፍጻሜ ሊጀመር ሲል፣ አንተ ውጭ ሳለህ መብራት ለአፍታ ሄዶ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ሴቲንጉ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ አንድ ዙር ሆኗል። እኔም ልብ አላልሁም። «ስንት ዙር ነው?» ስትለኝ «እንደ ሁሌው» ያልሁህ፣ እንደ ሁሌው መስሎኝ ነው። ከዚህ በፊትም የነገርሁህ ይህንኑ ነው።

ፈድሉ

*

የመጨረሻው አንቀጽ ውሸት ነው። የዚያን ቀን መብራት አልሄደም። ደብተሩ የራሴ ስለሆነ እዚህ እውነቱን እጽፋለሁ፤ ሴቲንጉን የቀየርሁት እኔ ነኝ።

*

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ጆይስቲክ ደህና ስድስት። የሶሬሳ መልስ።

*

ጥቅምት 24

ፈድሉ፣

ዝርዝርህ ጥሩ ነው። ካንተ ይህን ያህል አልጠበቅኩም ነበር፤ ግማሹ የልጅቷ መሆን አለበት። ሽማግሌውን የመረጠች ሰው ጆይስቲክ ሲሰጧት መጀመሪያ የግራውን ዘንግ ታሽከረክራለች? እንደዚያ ካደረገች ጎበዝ ናት።

ስለ ደወል አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ጠንካራ ጎኑ ሁለተኛ ትንፋሽ ነው ብዬ አስገዛሁህ። ደካማ ጎኑም እሱ ነበር፤ ስለምወደው ዝም አልኩ። ሽንፈትን የሚሸልም ጨዋታ ሰውን ሽንፈት ያስለምዳል። እኔ የመጀመሪያውን ዙር የምሰጠው ጎበዝ ስለሆንኩ ይመስላችሁ ነበር። የምሰጠው ሌላ ዙር አለ ብዬ ስለማምን ነው። ማመኑ ነው ሙሉ ችሎታዬ። ሌላ ዙር የሌለ ቀን ምንም የለኝም ማለት ነው፤ ይህንንም ሰው ሁሉ እያየ ተማርኩት።

የመብራቱን ነገር አነበብኩ። እዚህ መሐንዲሶቹ አንድ አሮጌ ማሽን አላቸው፤ ልክ የኛ ዓይነት። የመጀመሪያውን ደወል ይጫወታሉ። የካምፑ ጄኔሬተር በቀን ሦስት ጊዜ ይጠፋል። ከመጣሁ ጀምሮ በጠፋ ቁጥር፣ ሲበራ ሴቲንጉን ከፍቼ አየዋለሁ። ሁልጊዜ ሦስት ዙር ነው። አንድም ቀን ወደ አንድ ተመልሶ አያውቅም።

ምናልባት የኛ ማሽን የተለየ ይሆናል። ነው?

ለታኅሣሥ 18 የሃያ ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ይሰጡኛል። ሁለተኛውን ባልወደውም እጄን ማየት እፈልጋለሁ። ለእናቴም እስከ ገና አብሬሽ ነኝ ብያታለሁ። ግን በቀጥታ ካልመለስክልኝ አልነሳም። ምንም ብትል አልጮህብህም። በቃ ልወቀው።

ሶሬሳ

*

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጆይስቲክ ደህና ስድስት። ዝናብ አልፏል፣ ብርዱ ገብቷል፤ ሰው በጊዜ ይገባል።

ሳቢት ነገ ይሄዳል። ቁስቋም ወጣሁ፤ ለእማማ ቦሰና ሶሬሳ በሳቢት አፍ የላከብኝን፣ ለቦት ጫማው የሚሆን የወፍራም ካልሲ ነገር ላደርስ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ከቤታቸው ፊት ለፊት ተጎንብሰው የችግኝ ከረጢት አፈር ይሞላሉ።

«ፈድሉዬ! ልጄ ሊመጣ ነው አሉ፤ ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ፣ እማማ።»

«ና እስቲ ይቺን ያዝልኝ። ጫማህን አታስብ፣ አፈር ነው፤ ይታጠባል።» ከረጢቱን ያዝሁ። «እኔ እኮ አንድ ክፉ ቃል አለብኝ» አሉ። «ተሸንፎ የመጣ ጊዜ፣ ሰው በቴሌቪዥን ጨዋታ ተሸንፎ እህል ይተዋል ወይ፣ ምን ዓይነት ከንቱ ነው የወለድኩት አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣውን ያዘ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ እየደወለ ደህና ነሽ ወይ ይለኛል እንጂ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አይወጣውም።»

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አልሁ።

«ታዲያ የማን ነው?»

ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትሁ። በመጀመሪያው ይህ የምን ችግኝ ነው አልሁ፤ በሁለተኛው መሽቷል ልሂድ አልሁ። ሲሸኙኝ ሁለት የጽጌረዳ ችግኝ አስያዙኝ። ሱቁ በር ላይ አስቀምጫቸዋለሁ።

ለሶሬሳ አንድ ገጽ ጻፍሁ። ሰላምታ አለበት፣ የጁስ ቤቱ ወሬ አለበት፣ የካልሲው ነገር አለበት። ለጥያቄው መልስ የለበትም። ለመገልበጥም አይበቃም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ጆይስቲክ ደህና አምስት። ሳቢት ተመለሰ።

«ደብዳቤ የለም?»

«የለም። ያንተን ገልብጦ ጀርባውን አየ። 'ይሄ ብቻ ነው?' አለኝ። ይሄ ብቻ ነው አልኩት። ቲማቲሜን መቁጠር ጀመረ።»

ኅዳር 21፣ እሑድ

የጠዋት ቆጠራ አላደረግሁም።

*

ለሶሬሳ

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅር በለኝ።

የኛም ማሽን እንደ መሐንዲሶቹ ነው። መብራት አልሄደም። እኔ ነኝ የቀየርሁት።

እስከ ግማሽ ፍጻሜው ሁሉም በሦስት ዙር ነው የተጫወተው። ለፍጻሜው ከሩፋኤል ሰፈሩ ልጅ ከአብዱልሰላም ጋር ልትቀመጡ ስትሉ አንተ እንደ ልማድህ እጅህን ልትታጠብ ወጣህ። አብዱልሰላም በር ላይ ስልክ ያወራል። ሰው ሁሉ ቦታ ይሻማል። ሴቲንጉን ከፍቼ ሦስቱን አንድ አደረግሁት። ከደቂቃ በላይ አልፈጀም። አንተ እጅህን በሱሪህ እየጠረግህ ገባህና ሁልጊዜ ለቀልድ የምትጠይቀኝን ጠየቅኸኝ። እኔም ሁልጊዜ የምመልሰውን መለስሁ። ቃሉ ሳይከብደኝ ነው የወጣው። ስንት መቶ ጊዜ ብለነዋል።

ለምን ካልኸኝ፦ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ። የቦሌው ጌም ቤት ባለቤት ነው። ጠዋት ቀድሞ መጥቶ፣ ዛሬ ያሸነፈውን ወስጄ ደሞዝ እሰጠዋለሁ፣ አሠልጥኜ ውጭ አገር አወዳድረዋለሁ ብሎኝ ነበር። አንተ እንደምታሸንፍ አውቃለሁ። አንተ ከሄድህ ቤቱ ምን እንደሚቀረው አሰላሁ። ተናድጄ አይደለም፣ ቀንቼም አይደለም፤ ቁጭ ብዬ አስልቼ ነው። ብትሸነፍ ሳምንት ታኮርፋለህ፣ ከዚያ ትረሳዋለህ፣ ቤታችን ይቀጥላል አልሁ። አብዱልሰላም አያውቅም፤ እስከ ዛሬም ሲያገኘኝ ስላንተ ይጠይቀኛል።

ሽማግሌው ወድቆ ደወሉ ሲቀር፣ ስክሪኑ ላይ የአብዱልሰላም ስም ሲወጣ፣ ጆይስቲኩን እንደያዝህ ጠበቅህ። ሁለተኛው ዙር እስኪጀምር ነበር የምትጠብቀው። አንዱ «ሟቹ ሞተ!» አለና ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም የማልረሳው እሱን ነው።

ሁለት ጊዜ ስትጠይቀኝ ዋሸሁህ፤ በጥቅምት ደግሞ በጽሑፍ ዋሸሁህ። ሁለተኛውን ክፍል ልግዛ ወይ ያልሁህም ሰበብ ነው። ለመጻፍ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ብትመጣ ጆይስቲክህ አለ። ባትመጣም አለ።

ፈድሉ

*

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ጆይስቲክ ደህና አምስት። ሳቢት እጁን እያወናጨፈ ገባ።

«ምን ጽፈህበት ነው? ቆሞ ነው ያነበበው። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጎመኑን ሳይቆጥር ፈረመልኝ። ሳይቆጥር!»

«ምንም አላለም?»

«'መንገዱ ደህና ነው?' አለኝ። ደህና ነው አልኩት።»

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

የጠዋት ቆጠራ፦ ስክሪን አራት። ጆይስቲክ ደህና አምስት። ጽጌረዳ ሁለት፣ አንዱ ይዟል። ውድድሩ ሳምንት ነው። ሳቢት አይሱዙውን መንገድ ላይ አቁሞ ብቻውን ወረደ። ከጎኑ ያለውን በር አየሁት፤ አልተከፈተም። ደብዳቤውን ሰጠኝ።

*

ታኅሣሥ 9

ፈድሉ፣

ሁለት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ነበር። አመሰግናለሁ። ማሾፌ አይደለም፤ ያልገባኝ ነገር አንድ ነበር፣ አሁን ገብቶኛል።

አልመጣም። ፈቃዱን ሰጥተውኝ ነበር፣ ትናንት መለስኩት። ለአንድ ዓመትም ፈርሜያለሁ።

ስለ ቦሌው ሰውዬ እንዳታስብ። ሄጄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በሁለተኛው ወር ያባርረኝ ነበር። የማስበው ሌላ ነገር ነው። እዚህ ከመሐንዲሶቹ ጋር ስጫወት የመጀመሪያውን ዙር መስጠት ትቻለሁ። ማንንም አላጠናም። ሽማግሌውንም አልይዝም፤ ፈጣኑን ይዤ ገና ሲጀመር ነው የምጨርሳቸው። አሸንፋለሁ። አይጥመኝም። ከሰው ጋር ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ፣ ይሄ ሰው ምን ዓይነት ነው ብዬ ማየት ነበር የምወደው። ጊዜ አለ ብዬ ስለማምን ነበር የማየው። የወሰድክብኝ እሱን ነው።

ደግሞ ብመጣ የምለማመደው አንተ ቤት ነው። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ስክሪን ነው፣ ጀርባው አንተ ነህ። ጀርባዬን ሰጥቼህ መቀመጥ አልችልም። በሐሳቤ ሞከርኩት፣ አልሆነልኝም። ጥላቻ አይደለም።

ለሥራ ጥያቄህ፣ ሰበብ ቢሆንም፣ ሁለተኛውን ግዛ። ለሚመጣው ሁሉ ደግ ነው፣ ሥዕሉም ሰው ያመጣል። የመጀመሪያውን ግን ከአንዱ ስክሪን ላይ አታውርደው። ጆይስቲኬን ለዚያች ልጅ ስጣት።

አሁን እኔ አንድ ነገር ልለምንህ። እናቴ እስከ ገና ትጠብቀኛለች። እንደማልመጣ በስልክ ልነግራት እችላለሁ፤ ለምን እንደተሸነፍኩ ግን እኔ ብነግራት ሰበብ ይመስላታል። ከንቱ ያለችውን ቃል ከኔ አፍ ሰምታ አትመልሰውም። አንተ ንገራት። ሁሉንም፤ እጄን ልታጠብ የወጣሁበትን ጭምር። ከዚያ በኋላ እደውልላታለሁ።

ሶሬሳ

*

በምሳ ሰዓት አፍናን መጣች። ጥቁሩን ጆይስቲክ ከጨርቁ ፈትቼ ሰጠኋት። ገለባብጣ አየችው፤ የግራው ዘንግ ጫፉ ተልጦ ነጭ ሆኗል። ከዚያ በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ዙሪያውን አሽከረከረችው።

«የማን ነው?»

«የሟቹ። ያንቺ ነው ብሏል።»

«ቀልዱን ተው።» ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባት ጋዋኗን ሰብስባ ተቀመጠች። ከዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በዕድሜ የሚበልጥ አንድ ጎረምሳ ከጎኗ ተቀምጦ ጣቱን ያፍታታል። ወደኔ ሳትዞር፣

«ስንት ዙር ነው?» አለች።

ያ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጥሁት።

«ሦስት» አልሁ። «ግን ራስሽ ክፈችና እዪው።»

ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ከፍታ አየችው። ሦስት ነው። የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። ደወሉ ተደወለ። ቤቱ ውስጥ ያሉት አዳዲስ ሰዎች ናቸው፤ «ተነሳ» የሚል አልነበረም።

ነገ እሑድ፦ ቁስቋም። እማማ ቦሰና ከቅዳሴ የሚመለሱት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት በራቸው ላይ መገኘት። ሱቅ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል።